«ጥይት» ሲባል ምኑ ነው? በእጅ የሚሰናዳ ጥይትና የራስ-አጉራሽ ጠመንጃ ቃላት በአማርኛ

አንድ ሙያዊ ቃል በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ሲታይ ያማረ መስሎ ሥራ ላይ ሲውል ሠሪውን የሚያሳስት ቢሆን፥ ቃሉን ያማረ ብለን ልንቀበለው አይገባም። የሙያ ቃል የሚመዘነው በጆሮ ሳይሆን በእጅ ነው። አንባቢው ቃሉን አንብቦ እጁን ወደ ሥራ ሲሰነዝር ትክክለኛውን ነገር ካነሣ ቃሉ በጎ ነው፤ ሌላውን ነገር ካነሣ ግን ቃሉ የቱንም ያህል የጠራ ግእዝ ቢሆን ከንቱ ነው። ይህን አስተያየታችንን በምሳሌ ለመፈተን ስንል በዚህ ጽሑፍ አንድ ጠባብ የሙያ ዘርፍ መርጠናል። ይኸውም በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ጥይቱን በገዛ እጁ እያሰናዳ የተኩሱን ትክክለኛነት የሚያሻሽልበት ጥበብ ነው።

ይህን ዘርፍ የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ በዘርፉ የሚገኙት ፅንሰ ሐሳቦች ጥቂት በመሆናቸው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሊዳሰሱ ይችላሉ። ሁለተኛ፥ አማርኛ ስለ ጠመንጃ ሲናገር ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነው «ቃል የለንም» የሚለው የተለመደ ምክንያት እዚህ አይሠራም። ሦስተኛውና ዋናው፥ በዚህ ሙያ የቃል ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት በዐይን የሚታይ ነው። የግጥም ተርጓሚ ቢስት አንባቢው ቅር ይለዋል፤ የዚህ ሙያ መመሪያ ተርጓሚ ቢስት ግን አንባቢው ዐይኑን ወይም ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ሀ. ነገሩ ራሱ

ቃላቱን ከመተቸታችን በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። የዘመናዊ የሙያዊ ቃላት ጥናት መሥራች የሚባለው ኦስትሪያዊው ኦይገን ቩስተር (1898–1977 እ.ኤ.አ.) ያስተማረውም ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ፅንሰ ሐሳቡ፥ ቀጥሎ ስሙ። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሠራው በተቃራኒው ነው። የባዕዱን ቃል ዝርዝር በግራ ዐምድ እንጽፍና በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ አቻ እንፈልጋለን። የዚህን አሠራር ጉዳት ከዚህ በታች እናያለን።

ለምሳሌነት የምንወስደው ጠመንጃ ኤም-ዋን ጋራንድ የሚባለው ነው። በካናዳ የተወለደው ጆን ጋራንድ በአሜሪካ መንግሥት የስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የፈለሰፈው ይህ ጠመንጃ በ1936 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር መደበኛ መሣሪያ ሆነ። ለኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ሲሆን ኤም-ዋንም ከነዚያ አንዱ ነበር። የሚተኩሰው ጥይት 30-06 ይባላል። 30 የሚለው የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት በኢንች መቶኛ፥ 06 የሚለው ደግሞ ጥይቱ ሥራ ላይ የዋለበትን የ1906 ዓመት የሚያመለክት ነው። ጠመንጃው በአንድ ማቀፊያ የተያዙ 8 ጥይቶችን በአንድ ጊዜ ይቀበላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ ጥይት ሲተኮስ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ አጠገብ ባለች ቀዳዳ ሾልኮ አንድን ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘንጉ መዝጊያውን ይከፍታል፤ ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ የተጨመቀው ሽቦ መዝጊያውን ወደ ፊት ሲመልሰው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ተኳሹ የሚሠራው ምላጩን መሳብ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲስብ አንድ ጥይት ይተኮሳል።

በዚህና ይህን በመሰለ ጠመንጃ በውድድር የሚተኩሱ ሰዎች በተለይ በአሜሪካ የፋብሪካን ጥይት ትተው የራሳቸውን ያሰናዳሉ። ምክንያቱም ጥይት ከጥይት በተመሳሰለ ቁጥር ምቱም ከምቱ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ቀለሆችን በፋብሪካቸውና በክብደታቸው ይለያሉ፤ ርዝመታቸውን ያስተካክላሉ፤ ባሩዱን በሚዛን ይለካሉ፤ ዓረሩን በእኩል ጥልቀት ይሰካሉ። ነገር ግን በራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ የራሱ ጠባይ አለው። ጥይቱ በኀይል ተገፍቶ ስለሚገባ ዓረሩ በቀለሁ አንገት ተጨብጦ መያዝ አለበት፤ ቢላላና ወደ ውስጥ ቢሰምጥ የጋዙ ግፊት ከልኩ በላይ ይወጣል። ቀለሁም መዝጊያው ሳይታገል በነፃ እንዲገባ ሙሉ ገላው ወደ ልኩ መመለስ ይኖርበታል፤ በእጅ በሚከፈትና በሚዘጋ ጠመንጃ ግን አንገቱን ብቻ ማስተካከል ሊበቃ ይችላል። የጥይቱም ጠቅላላ ርዝመት ማቀፊያውና ጠመንጃው ከሚፈቅዱት ሊያልፍ አይችልም። በአጭሩ፥ ተሰብስቦ ለመምታት የሚረዳው ሁሉ ለመጉረስ አይረዳም፤ የሙያው ብልኀትም ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ለ. «ጥይት» እና ክፍሎቹ

ነገሩን በዚህ ያህል ካወቅን ዘንድ ወደ ቃላቱ እንመለስ። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ጥይት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሰየምበታል። «ሃምሳ ጥይት ገዛ» ስንል ቀለሁን፥ ባሩዱንና ዓረሩን በአንድነት ማለታችን ነው። «ጥይት ክንዱ ላይ ቀረ» ስንል ግን ከአፈሙዙ የወጣውን ዓረር ብቻ ማለታችን ነው። ተናጋሪና ሰሚ ነገሩን ከአገባቡ ስለሚረዱት በተራ ንግግር ጉዳት የለውም። በመመሪያ ላይ ግን «የጥይቱ ክብደት 168 ግሬን ነው» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ምኑን ይመዝን? የ30-06 ሙሉ ጥይት ወደ 27 ግራም ገደማ ሲመዝን፥ 168 ግሬን የሚመዝነው ዓረር ግን 10.9 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ደግነቱ አማርኛ ለክፍሎቹ ቃል አላጣም። «ቀለህ» ባዶውን የናስ ዕቃ፥ «ባሩድ» ነዳጁን፥ «ዓረር» የሚወረወረውን ያመለክታሉ። ስለዚህ «ጥይት» የሚለውን ለሙሉው ብቻ ወስነን፥ ለሚወረወረው ዓረር ማለቱ ይበቃል እንጂ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «ዓረር የጥንት የእርሳስ ድብልብል ነው፤ ለዛሬው መዳብ ለበስ ሹል አይሆንም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን ቃል ከነገሩ ጋር አብሮ ያድጋል እንላለን። «ጠመንጃ» የሚለው ቃልም በለኮሳ ከሚተኮሰው ጀምሮ እስከ ዛሬው ድረስ ስሙን ሳይለቅ አድጓል።

አራተኛው ክፍል በመርፌ ሲመታ እሳት አመንጭቶ ባሩዱን የሚያነድደው ትንሽ ቆብ ነው። ለዚህ «ካፕሱል» የሚለው የውሰት ቃል ቢቀርብም፥ ይኸው ቃል ዛሬ ለአንባቢ ይበልጥ የሚያስታውሰው የሚዋጠውን መድኀኒት ስለ ሆነ በሥራው «ለኳሽ» ብሎ መሰየሙን እንመርጣለን። የተገባሩን ምንነት ለማያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋልና።

የዚህ ልየታ ጥቅም በእጅ ጥይት በሚያሰናዱ ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ይህን በመሰለ ሕግ ላይ የሚከራከር ጠበቃ፥ የሚፈርድ ዳኛ፥ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ሁሉ ባዶ ቀለህ ይዞ የተገኘ ሰው «ጥይት ይዟል» ይባል እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ በቃል ደረጃ አስቀድሞ መለየት ይጠበቅበታል።

ሐ. መሙላት፥ ማጉረስና ማሰናዳት

እንግሊዝኛ ቀለህ ውስጥ ባሩድ ለመጨመርም፥ ጠመንጃ ውስጥ ጥይት ለማስገባትም የሚጠቀመው በአንድ ግስ ነው። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ጠመንጃ ይጎርሳል፤ ካዝና ይሞላል። «ጠመንጃው ጎርሷል» የሚለው አነጋገር ጥይቱ ለመተኮስ ተዘጋጅቶ በአፍ ውስጥ እንዳለ ጉርሻ መቀመጡን በአንድ ቃል ያስታውቃል። ተርጓሚዎቻችን ይህን ጸጋ ትተው በሁሉም ስፍራ «መሙላት» ሲሉ ማየት ያሳዝናል፤ ያለንን ልዩነት ባዕዱ ቋንቋ ስለሌለው ብቻ መጣል ነውና።

ከዚህ የተነሣ «በእጅ የተሞላ ጥይት» የሚለው አገላለጽ አጠራጣሪ ነው። ካዝና ውስጥ በእጅ የተሰካ ጥይት ተብሎም ሊተረጎም ይችላል። «እጅ-ሙል» ብሎ ማሳጠሩም «እጅ ሙሉ» የሚለውን መስፈሪያ ያስታውሳል። ሌላው ሊታሰብ የሚችለው «በእጅ የተቀመመ ጥይት» ነው። መድኀኒት ቀማሚ በሚዛን እንደሚሠራ ሁሉ ይህም ሙያ በሚዛን የሚሠራ ስለ ሆነ ቃሉ በመጀመሪያ እይታ ያማልላል። ሆኖም ሙያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚከለክለው ቅመማን ነው። አሰናጂው ባሩድን ከባሩድ ጋር ፈጽሞ አይደባልቅም፤ ድብልቁ እንዴት እንደሚነድድ የሚናገር ሠንጠረዥ የለምና። ስለዚህ ቃሉ ራሱ የተከለከለውን ሥራ የሚጋብዝ ሆኖ ስላገኘነው ትተነዋል።

በእኛ አስተያየት «በእጅ የተሰናዳ ጥይት» የሚለው ይሻላል። «ማሰናዳት» ሥራውን በሙሉ ይይዛል፤ «መሙላት» ደግሞ ባሩድ ወደ ቀለሁ ለሚጨመርበት ለአንዱ ደረጃ ብቻ ይቀራል። ቀለሁ ከዚህ በፊት የተተኮሰ ሲሆን «ዳግም የተሰናዳ» ይባላል። ልዩነቱ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ በተተኮሰ ቁጥር ቀለህ እየተለጠጠ ስለሚሄድ፥ በተለይም ከራሱ በሚጎርስ ጠመንጃ ሲወጣ እየተንገላታ ስለሚወድቅ፥ ስንተኛ ጊዜው እንደ ሆነ መመዝገብ ግዴታ ነው።

«ከፊል አውቶማቲክ» ወይም «ግማሽ አውቶማቲክ» ስለሚለውም ጥቂት እንበል። ቃሉ ተለምዷልና ከጋዜጣና ከመዝገብ ይሰረዝ አንልም። ነገር ግን ግማሹ የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም። በዚህ ጠመንጃ በራሱ የሚሆነው መጉረሱ ነው፤ በሰው ፈቃድ የሚሆነው መተኮሱ ነው። ስለሆነም «ራስ-አጉራሽ ጠመንጃ» የሚለው ነገሩን በትክክል ይገልጻል። እዚህ ላይ ሰዋስው ልብ ሊባል ይገባል። «ራስ-ወዳድ» ማለት ራሱን የሚወድ፥ «ራስ-ገዝ» ማለት ራሱን የሚገዛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ «ራስ-አጉራሽ» ራሱን የሚያጎርስ ይሆናል። «ራስ-ጎራሽ» ብንል ግን በዚያው ሕግ መሠረት ራስ የሚጎርስ፥ ማለትም ጭንቅላት የሚውጥ ይሆንብናል። አንዲት አመል ማድረጊያ ፊደል ቃሉን ታድነዋለች ወይም ታጠፋዋለች።

መ. ራስ ከግርጌ ሲገኝ

የቃል በቃል ትርጉም ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው የቀለህን ክፍሎች ስም ስንተረጉም ነው። በእንግሊዝኛ ቀለህ አፍ፥ አንገት፥ ትከሻና ገላ አለው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የእንስራና የማድጋ ክፍሎችም በሰውነት ስም ይጠራሉ። ነገር ግን እንግሊዝኛ ከዚህ ሥርዐት አፈንግጦ ለኳሹ የሚቀመጥበትን የታችኛውን ጫፍ «ራስ» ብሎ ይጠራዋል። አፍና አንገቱ ከላይ ሳለ ራሱ ከታች ተገኘ ማለት ነው። የባዕዱ ሙያተኛ ይህን ከልምድ ስለሚያውቀው አይደናገርም። የአማርኛ አንባቢ ግን «የጥይቱ ራስ» ሲባል ያለ ጥርጥር የሚያስበው ሹሉን የዓረር ጫፍ ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል «የቀለህ ግርጌ» ይባል ዘንድ ይገባል። አማርኛው እዚህ ላይ ከምንጩ ቋንቋ ይልቅ ወጥ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ስሕተት ሌላ ስሕተት ይወለዳል። ጥይቱ ጎርሶ መዝጊያው ሲቆለፍ፥ ከመዝጊያው ፊት አንሥቶ የቀለሁ ትከሻ እስከሚያርፍበት ድረስ ያለው ልክ በዚህ ሙያ ከፍተኛ ዋጋ አለው። እንግሊዝኛው በቃል በቃል «የራስ ቦታ» የሚል ነው። ይህ በአማርኛ ምንም አይናገርም። ከዚህም በላይ የምንጩ ቋንቋ ሙያተኞች ራሳቸው በዚሁ ቃል ሁለት ነገር ይሉበታል፤ አንዳንዴ ልኩን፥ አንዳንዴም በጥይቱና በመዝጊያው መካከል የሚቀረውን ክፍተት። እኛ ገና ስም በማውጣት ላይ ስለ ሆንን የሌላውን ድንግርግር ለመውረስ አንገደድም። ለመጀመሪያው «የመቀመጫ ልክ»፥ ለሁለተኛው «የመቀመጫ ክፍተት» ብንል ነገሩ ይለያል። ክፍተቱ ሲበዛ ቀለሁ በየተኩሱ እየተለጠጠ ከግርጌው በላይ ይሳሳል፥ በመጨረሻም ይበጠሳል፤ ክፍተቱ ሲጠፋ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በራስ-አጉራሽ ጠመንጃ ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

የለኳሹም ነገር እንዲሁ ነው። በጋራንድ ጠመንጃ መቺው መርፌ በሽቦ ያልተያዘ ልቅ ስለ ሆነ፥ መዝጊያው በኀይል ሲዘጋ መርፌው በራሱ ጉልበት ወደ ፊት ሄዶ ለኳሹን ቀስ ብሎ ይነካዋል። ለኳሹ ከግርጌው ወለል ወጣ ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ ጠመንጃው ምላጭ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ ለኳሹ ከወለሉ በጥቂት ሺኛ ኢንች ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያዝዛሉ። ተርጓሚው «ገጥሞ ይቀመጥ» ወይም «እኩል ይሁን» ቢል ሐረጉ ያማረ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንባቢውን ለአደጋ ያቀርበዋል። «ዝቅ» የምትለው አንዲት ቃል እዚህ ከብዙ ምዕራፍ ትበልጣለች።

ስለ «ቃታ» ሳንጠቅስ አናልፍም። አንዱ ጸሐፊ «ቃታ ሳበ» ሲል ጣት የሚያርፍበትን ማለቱ ነው፤ ሌላው በዚሁ ቃል መዝጊያውን ይጠራበታል። ለልብ ወለድ ሁለቱም ይሁን። መመሪያ ግን «ምላጭ» እና «መዝጊያ» ብሎ ቢለይ፥ «ቃታ» የሚለውን ለሥነ ጽሑፍ ቢተው ይሻላል።

ሠ. ሚዛን፥ ፍጥነትና ጣሪያ

«ግሬን» የክብደት መለኪያ ሲሆን አንዱ 0.0648 ግራም ያህል ነው። ይህን ቃል «ቅንጣት» ወይም «ፍሬ» ብለው ሊተረጉሙት የሚሹ አሉ። ሐሳቡ ከታሪኩ አኳያ ትክክል ነው፤ መለኪያው የመጣው ከእህል ቅንጣት ነውና። ነገር ግን ባሩድ ራሱ በቅንጣት የተሠራ ነው። «48 ቅንጣት ባሩድ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው አርባ ስምንት ፍሬ ቢቆጥር ማን ይወቅሰዋል? ስለዚህ «ግሬን» እንደ ሜትርና እንደ ሊትር በውሰት ይግባ፤ «ቅንጣት» ለባሩዱ ፍሬ ይቀመጥ። በምኅጻረ ቃልም መጻፍ አይገባም፤ «ግ.» ብሎ ማሳጠር ግሬንን ከግራም ያቀላቅላል፥ በሁለቱም መካከል ያለው ልዩነት ከዐሥራ አምስት እጥፍ በላይ ነው። የውሰት ቃልን ሁሉ የሚጠላ ሰው ይህን ምሳሌ ልብ ይበል። አገርኛ ቃል የሚሻለው ግልጽ ሲሆን እንጂ አገርኛ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም።

ባሩድ «ፈጣን» እና «ዘገምተኛ» ተብሎ ይከፈላል። ይህም የሚነድድበትን ፍጥነት እንጂ የዓረሩን ፍጥነት አይናገርም። «ዘገምተኛ» የሚለውን «ደካማ» ወይም «ለስላሳ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ዘግይቶ የሚነድድ ባሩድ ዓረሩ ወደ አፈሙዙ እስኪደርስ ድረስ ግፊቱን ይዞ ይዘልቃል። በጋራንድ ጠመንጃ የጋዙ ቀዳዳ ያለችው እዚያው ላይ ስለ ሆነ፥ ከልኩ ያለፈ ግፊት ዘንጉን ሊያጎብጠው ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ጠመንጃ የሚመረጠው መካከለኛ ነደድ ያለው ነው። 4895 የሚባለው ባሩድ ከዚህ ጠመንጃ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣውም ለዚህ ነው። «ደካማ» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ለጥንቃቄ ሲል በትክክል የተከለከለውን ይመርጣል። እኛ «ፈጥኖ-ነዳጅ» እና «ዘግይቶ-ነዳጅ» እንላለን።

ሦስተኛው «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ነው። በዛሬው አማርኛ «ከፍተኛ» ማለት ትልቁ ብቻ ሳይሆን የላቀውና የተመረጠውም ማለት ነው፤ «ከፍተኛ ትምህርት»፥ «ከፍተኛ ባለሙያ» እንላለንና። የባሩድ መጠን ሠንጠረዥ ላይ «ከፍተኛ መጠን» የሚል ዐምድ ሲገኝ አንባቢው ምርጡ ይህ ነው ብሎ ቢጀምርበት አይገርምም። በሙያው ግን የሚጀመረው ከታችኛው መጠን ሲሆን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፥ የግፊት ምልክት እየፈለጉ መሄድ ነው። እጅግ ተሰብስቦ የሚመታው ጥይትም ብዙ ጊዜ ከላይኛው ወሰን በታች ይገኛል። ስለዚህ «መነሻ» እና «ጣሪያ» የሚሉት ይበጃሉ። ጣሪያ ሰው የሚጋጭበት እንጂ የሚመኘው አይደለምና።

ረ. «ትክክለኛነት» የማን ነው?

ከሁሉ የሚከብደው የሙያው ዓላማ የሚጠራበት ቃል ነው። «የጠመንጃን ትክክለኛነት ማሻሻል» የሚለው ሐረግ ለአማርኛ ጆሮ ይጎረብጣል። በእኛ ቋንቋ የማይስተው ሰውዬው ነው፤ «አልሞ ተኳሽ» እንላለን እንጂ ጠመንጃን በትክክለኛነት አናመሰግንም። ሙያው ግን ከተኳሹ ድርሻ ለይቶ የመሣሪያውንና የጥይቱን ድርሻ ይለካል። ይህን ለመናገር ቃል ያስፈልጋል።

ደግሞም ነገሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አምስት ጥይት ተተኩሶ አምስቱም በአንድ ሳንቲም ሥፍራ ተሰብስበው ከዒላማው መካከል በአንድ ስንዝር ርቀው ሊያርፉ ይችላሉ። ሌላው ሰው የተኮሳቸው አምስት ጥይቶች ደግሞ በዒላማው መካከል ዙሪያ ተበታትነው፥ አማካያቸው ግን በልኩ መካከሉ ላይ ሊውል ይችላል። በእጅ የተሰናዳ ጥይት የሚረዳው የመጀመሪያውን፥ ማለትም መሰብሰቡን ነው። ሁለተኛውን የሚያስተካክለው ማነጣጠሪያው ነው። በመለኪያ ሳይንስም ይህ ልየታ የታወቀ ሲሆን በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ ኤስ ኦ 5725 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ትክክለኛነትን በእነዚህ በሁለቱ አካላት ከፍሎ ይገልጸዋል።

«ትክክለኛነት» የሚለው ቃል ለሁለቱ ጥምር ይቆይ። ለመጀመሪያው «የምት ስብስብ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ስብስቡ «ጠባብ» ወይም «ሰፊ» ይባላል። ለሁለተኛው «ማዕከል መግጠም» የሚለው ይበቃል። እዚህ ላይ አዲስ ረቂቅ ስም ከመፍጠር የተቆጠብነው አውቀን ነው። በ«-ነት» የሚያልቁ ቃላት በበዙ ቁጥር አንባቢ ይደክማል፤ «ጥይቶቹ ተሰብስበው መቱ» የሚለው ግስ ግን ሕፃንም ይረዳዋል።

የስብስቡ ስፋት የሚለካው በማዕዘን ሲሆን መለኪያው የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው። «ደቂቃ» ብሎ ብቻ መጻፍ ከጊዜ ጋር ስለሚያደናግር «የማዕዘን ደቂቃ» መባል አለበት። በ100 ሜትር ርቀት ላይ አንድ የማዕዘን ደቂቃ 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ተርጓሚው ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ ቢያስገባ አንባቢው መጽሐፉን በሙሉ በዐይኑ እያየ ያነባል።

ሰ. ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን

ከላይ የተባለውን ለመፈተን፥ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ያዘጋጀነውን አንድ የመመሪያ አንቀጽ በሁለት መንገድ እናቀርባለን። የመጀመሪያው በቃላት ዝርዝር እየታገዘ ቃል በቃል የተሠራ ነው።

«ለግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ጥይት በእጅ ሲሞላ ካፕሱሉ በጥይቱ ራስ እኩል ገጥሞ ይቀመጥ። ደካማ ባሩድ አይጠቀሙ። ከፍተኛውን መጠን ከመነሻው መጠን ይሥሩ። የጥይቱ ክብደት 168 ግ. ነው።»

ሁለተኛው ነገሩን አስቀድሞ በመረዳት የተሠራ ነው።

«ለራስ-አጉራሽ ጠመንጃ ጥይት ሲሰናዳ፥ ለኳሹ ከቀለሁ ግርጌ ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ መቀመጡ በጣት ተዳስሶ ይረጋገጥ። ዘግይቶ-ነዳጅ ባሩድ የጋዙን ዘንግ ስለሚያጎብጥ አይሞላ። ሥራው ከመነሻው መጠን ተጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ ጣሪያው ፈጽሞ አይታለፍ። የዓረሩ ክብደት 168 ግሬን፥ ማለትም 10.9 ግራም ነው።»

የመጀመሪያውን ያነበበ አርታኢ ምናልባት አንዲት ነጥብ ሳይነካ ያሳልፈው ይሆናል። ሰዋስው አልተጣሰም፤ እያንዳንዱም ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል። ሆኖም በአራት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራቱም አሳሳች ናቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ አደገኞች ናቸው። ሁለተኛው በቁጥር ጥቂት ቃላት ቢጨምርም አንባቢው ጥይቱንም፥ ጠመንጃውንም፥ ጣቱንም ይዞ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ምርመራ የምናገኘው ትምህርት ከጠመንጃ ሙያ የሰፋ ነው። አንደኛ፥ አቻ ቃል ከመፈለግ በፊት ነገሩ ይጠና፤ የሚቻል ከሆነም ተርጓሚው ነገሩን በእጁ ይዞ ይየው። ሁለተኛ፥ ባዕዱ ቋንቋ በአንድ ቃል የሚጠራውን አማርኛ በሁለት የሚለይ ከሆነ፥ እንደ መሙላትና ማጉረስ፥ ልዩነቱ ይጠበቅ። ሦስተኛ፥ የባዕዱ ቋንቋ ራሱ የተዘበራረቀበት ስፍራ ሲገኝ፥ እንደ ቀለሁ «ራስ» ያለ፥ ዝብርቅርቁ አብሮ አይተርጎም። አራተኛ፥ የውሰት ቃልና የአገርኛ ቃል የሚመረጡት በአንድ መመዘኛ ብቻ ይሁን፤ እርሱም አንባቢው የማይሳሳትበት የትኛው ነው የሚለው ነው።

ያቀረብናቸው ቃላት ሁሉ ጸድቀዋል አንልም። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ሰው ቢያቀርብ በደስታ እንቀበላለን፤ ከሠራዊቱ፥ ከአዳኞችና ከመሣሪያ አዳሾች አንደበት የሚገኘው ቃል በጠረጴዛ ላይ ከሚፈጠረው እንደሚበልጥ እናምናለንና። አባቶቻችን «ስናድር» እና «ውጅግራ» የሚሉትን ስሞች ከባዕድ ሰምተው በራሳቸው አንደበት አስተካክለው ሲያስቀሩ፥ «ቀለህ»፥ «ምላጭ»፥ «አፈሙዝ»፥ «ሰደፍ» የሚሉትን ደግሞ ከነገሩ ጋር ውለው ሰይመዋል። የእኛ ተግባር እነዚህን ቃላት በየስፍራቸው ማቆም፥ የጎደለውን በጥንቃቄ መጨመር ነው። አንድ የሙያ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅም በእያንዳንዱ ቃል ፊት ይህ ጥያቄ ይቅረብ፤ ይህን ቃል አምኖ እጁን የሚዘረጋ ሰው ምን ያነሣል?